በቀጠነ ቀለም የተጻፈው ቃል

አንድ ሊቅ ነበር። ሥራው የሞተ ቋንቋ ማንበብ ነበር።

ቋንቋው ሉዊኛ ይባላል። ሉዊያውያን በጥንት ዘመን የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ነገራቸውን በእርጥብ ሸክላ ላይ በመቃ ጫፍ እየወጉ፣ ትንንሽ ሽብልቅ በሚመስሉ ምልክቶች ይጽፉ ነበር። ሊቁ በኖረበት ዘመን በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው ከምድር ከጠፋ ሺህ ዓመት አልፎት ነበር። የቀረው ነገር ቢኖር ከንጉሡ ግምጃ ቤት ጎን ባለች አንዲት ቤት የተከማቹ የሸክላ ሰሌዳዎች ናቸው። እነሱም አብዛኞቹ ተሰባብረዋል። ሥራው ሰላም ብሎ መልስ እንደማያገኝ ሰው ኑሮ ይመስላል ብትሉ አልፈርድባችሁም። ሊቁ ግን በሥራው ደስተኛ ነበር፤ ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው ስሙን ረስቶ ደስተኛነቱን አልረሳም።

አንዳንዱ ቃል ቀላል ነው። ዳቦ ማለት የሆነው ቃል መቶ ቦታ ላይ ይገኛል። አንድ ቦታ ይጋገራል፣ አንድ ቦታ ይቆረሳል፣ አንድ ቦታ ለአምላክ ይቀርባል። እንዲህ እየሆነ ዳቦ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? አስቸጋሪው በዚያ ሁሉ ሰሌዳ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋው ቃል ነው። እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥመው ሊቁ ስለማያውቁት ሰው ጠባይ እንደሚያጣራ ሽማግሌ ይሆናል። ቃሉን ራሱን ትቶ ጎረቤቶቹን ይጠይቃል። ከፊቱ ማን አለ? ከኋላው ማን አለ? ከእነማን ጋር ይውላል? ጎረቤቶቹም ተሰብረው ከጠፉ ከመገመት በቀር ምርጫ የለውም።

ለግምቱ ደግሞ የራሱ ልማድ ነበረው። የሚያውቀውን ቃል ትርጉም መጽሐፉ ላይ በጥቁር ቀለም ይጽፋል። የገመተውን ያንኑ ቀለም በውኃ አቅጥኖ ይጽፋል። ጥርጣሬው በጨመረ ቁጥር ውኃው ይጨምራል። አንዳንዱ ግምት ከመቅጠኑ የተነሣ ብራናውን ወደ መስኮት አስጠግተው ካላዘነበሉት አይነበብም። ባለቤቱ በሕይወት ሳለች «ይህን ገጽ ጻፍከው ወይስ አጠብከው?» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱም ይስቅላት ነበር፤ በልቡ ግን ይኮራበት ነበር። የማያውቀው ነገር ልኩ በዓይን የሚታይ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ከእሱ በቀር አልነበረምና። የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ቀለሙ ልማድ መጽሐፉ ውስጥ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈም። ለእሱ ግልጽ ስለነበረ ለሁሉም ግልጽ መሰለው።

ከእነዚያ ብቸኛ ቃላት አንዱ «ታርዙሻ» የሚል ነበር። የተገኘው በአንድ ግማሽ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው «ከቀዩ ኮረብታ ሥር፣ ከምንጩ ዳር፣ ታርዙሻ ይሁን። ሰው ሁሉ» ይልና እዚያ ላይ ተሰብሮ ያልቃል። ሊቁ ሦስት ቀን አሰበበት። ስለ አንድ የአምልኮ ቤት በሚናገር ሌላ ሰሌዳ ላይ «ሰው ሁሉ ይራቅ» የሚል ቃል አንብቦ ነበር። ስለዚህ እዚህም የጠፋው «ይራቅ» ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ታርዙሻ የተከለከለ ስፍራ ሊሆን ይችላል። አንዱ «ሊሆን ይችላል» ሌላው ላይ ተደራርቦ መቆሙን ሊቁ አላጣውም። ቀለሙ ውኃ ውኃ እስኪል ድረስ በጠበጠውና «ሰው የማይደርስበት የተከለከለ ስፍራ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቃል አለፈ፤ ይህኛውንም ረሳው።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሊቁ አርጅቶ ቤቱ ገባና ጎመንና ሽንኩርት ማልማት ጀመረ። መጽሐፉም እጅ ስለበዛበት ጠርዙ ተበላ። አንድ ክረምት የግምጃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ብዙ ብራና ስለረጠበ ንጉሡ መጽሐፉ በአዲስ ብራና እንዲገለበጥ አዘዘ። ሥራው የተሰጠው በአገሩ አቻ ለሌለው ቁም ጸሐፊ ነበር። ይህ ሰው ጎልማሳ ነው፣ እጁ የተባረከ ነው፣ ሊቁንም በዝና ብቻ እያወቀው እንደ አባት ይወደዋል። መጽሐፉን ሲገልጥ ግማሹ ጽሑፍ ደብዝዞ አየና አዘነ። ያፈሰሰውን ጣሪያ ረገመ። የዚህ ሰው ድካም በውኃ ታጥቦ አይቀርም ብሎ፣ ዓይኑን እያጠበበ፣ እያንዳንዱን የደበዘዘ ፊደል ፈልቅቆ እያወጣ፣ ሁሉንም እኩል በደማቅ ጥቁር ቀለም ጻፈው። ሁለት ዓመት ፈጀበት። ሥራውን ሲጨርስ ለሊቁ ወስዶ አሳየው። ሊቁ የመጀመሪያውን ገጽ አየ፣ ሽፋኑን ዳበሰ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ «እጅህን ይባርከው» አለ። ውስጡን አላነበበውም። የራሱን መጽሐፍ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ብዙም የለም። አዲሱ መጽሐፍ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ፣ አሮጌው ለሊቁ ተመልሶለት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ንጉሡ ሞተና ልጁ ነገሠ። አዲሱ ንጉሥ ክፉ ሰው አልነበረም። የአባቶች ሥርዓት ተረስቷል፣ በእኔ ዘመን ይመለስ የሚል ቅን ሰው ነበር። አዲሱን መጽሐፍና የሰሌዳዎቹን ትርጉም ከዳር እስከ ዳር አነበበ። ታርዙሻ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ከቀዩ ኮረብታ ሥር፣ ከምንጩ ዳር፣ አርባ አባወራ ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩ ነበር። ጭቃቸውን ከዚያው ይቆፍራሉ፣ በምንጩ ውኃ ያቦኩታል፣ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚቀቅልበት ድስት ከዚያ ይወጣል። ንጉሡ ዝናብ ሳይጀምር ቦታውን እንዲለቁ አዘዘ። በምትኩ ሌላ መሬት ሰጣቸው። የተሰጣቸው መሬት ለእህል የሚሆን ጥሩ መሬት ነበር። አፈሩ ግን ለሸክላ አይሆንም፤ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ሌላ ሥራ ለማያውቁ አርባ ቤተሰቦች ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻም።

ሸክላ ሠሪዎቹ ከመካከላቸው አንዲት ሴት መርጠው ወደ ንጉሡ ላኩ። ዕድሜዋ ሃምሳ አልፏል፤ በጥፍሮቿ ሥር ያለው ቀይ አፈር ለክብረ በዓል እንኳ አይለቅም ነበር።

«ንጉሥ ሆይ፣» አለች፣ «እዚያ ጭቃ ላይ ተወልጄ እዚያው አርጅቻለሁ። እናቴም እንደዚያው ነች። ቦታው የተከለከለ ነው ብሎ የነገረን ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም።»

«የከለከለው ሰው አይደለም፣ ጽሑፍ ነው፣» አለ ንጉሡ። ነገር ግን ፍርድ የሚያውቅ ሰው ስለነበረ እንዲህ ሲል ጨመረ። «እኔ ሉዊኛ አላነብም። መጽሐፉን የጻፉት መምህር በሕይወት አሉ። እሳቸው የሚሉትን እንሰማለን።»

ሊቁ ተጠርቶ መጣ። የቀሚሱ ጫፍ ላይ የጎመን ማሳው አፈር ነበረበት። ንጉሡ ታርዙሻ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀው። ቃሉን ከሰማው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ትዝ ብሎ መልኩ እንደጠፋበት የድሮ ሰው ሆነበትና «መጽሐፉን ልየው» አለ። አዲሱን መጽሐፍ አመጡለት። ገለጠው። «ሰው የማይደርስበት የተከለከለ ስፍራ» ይላል፤ ቀለሙም እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ሊቁ ልማዱን ያውቃል። በጥቁር የሚጽፈው ያረጋገጠውን ብቻ ነው፣ ከዚህ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ እንዴት እንዳረጋገጠው ባያስታውስም ራሱን አመነ።

«የተከለከለ ስፍራ ማለት ነው፣» አለ።

«እርግጠኛ ነዎት፣ መምህር?»

«በጥቁር ጽፌዋለሁ። ያላረጋገጥኩትን በጥቁር አልጽፍም።»

ንጉሡ የቀለሙ ነገር አልገባውም፤ መልሱ ግን ገባው። ለሸክላ ሠሪዎቹ ሃያ ቀን ተሰጣቸው። ሴትዮዋም እጅ ነሥታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሊቁ ወደ ማሳው ሲወርድ አጥሩ ጥግ ቆማ አገኛት። ልትለምነው የመጣች መስሎት ሆዱ ባባ።

«ልጄ፣ እኔ የተናገርኩት ጽሑፉ የሚለውን ነው። ልቤ ግን አዝኖላችኋል።»

«ስለ ልብዎ አልመጣሁም፣ አባቴ፣» አለች። «ሰሌዳው ከምን ጭቃ እንደተሠራ ማየት ፈልጌ ነው።»

«ጭቃው ምን ያደርግልሻል?»

«ጽሑፉን እርስዎ ያውቁታል። ጭቃውን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። ከቤታችን የሚያስወጣን ይህ ዕቃ ከሆነ ሳላየው አልወጣም።»

ሊቁ ነገሩ ደስ አለው። ምርኩዙን አንሥቶ ወደ ሰሌዳዎቹ ቤት ወሰዳት። ያንን ግማሽ ሰሌዳ ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጣት። እሷ በእጇ መዘነችው፣ ገለበጠችው፣ የተሰበረበትን ጠርዝ በአውራ ጣቷ አሸችው። ከዚያ ጠርዙን በምላሷ ነካ አደረገችው። ሊቁ በሃምሳ ዓመት ሥራው ሰሌዳ የሚልስ ሰው አይቶ አያውቅም።

«የእኛ ጭቃ ነው፣» አለች። «ይህ የሚያብለጨልጭ አሸዋ ከእኛ ጉድጓድ በቀር የትም የለም። እሳት ሲያገኘው ደግሞ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ይኸው በዚህ በኩል ጠቁሯል፣ በዚህ በኩል ቀልቷል። ሌላው ግማሽ የት አለ?»

«ጠፍቷል።»

«ፈልገውት ነው የጠፋው?»

ሊቁ ዞሮ አየ። ከቤቱ ጥግ ስድሳ ያህል እንቅቦች ተደርድረው ነበር፤ በውስጣቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ስብርባሪ ሞልቷል። በእያንዳንዱ ስባሪ ላይ ቢበዛ አንድ ሁለት ምልክት ቢገኝ ነው። ሊቃውንት ሰሌዳ የሚለዩት በሚነበበው ነገር ነው። ስለዚህ የማይነበበው ሁሉ ከአባቶቻቸው ዘመን ጀምሮ እዚያ ጥግ ይጣል ነበር።

«እነዚያ ላይ የሚነበብ ነገር የለም፣ ልጄ፣» አለ።

«ገል አይነበብም፣» አለችው። «ገል ይለቀማል።» ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና የመጀመሪያውን እንቅብ ወለሉ ላይ ደፋችው።

በማግስቱ ሰባት ሴቶች አስከትላ መጣች። ምልክቶቹን አንዳቸውም አላዩም። ውፍረቱን በጣት ይለካሉ፣ አሸዋውን ወደ ብርሃን አድርገው ያያሉ፣ የጠቆረበትንና የቀላበትን ጎን ያስተያያሉ። የማይሆነውን ወደ እንቅቡ ይመልሳሉ፣ የሚሆን የመሰላቸውን ጨርቅ ላይ ያስቀምጣሉ። እየለቀሙ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ አማቶቻቸው፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ጨዋታ ተሰምቶ አያውቅም። ሊቁ ጎኑን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ያዳምጣቸው ነበር። ሰባት ቀን እንዲህ ሄደ፤ ከተሰጣቸው ሃያ ቀን ስምንቱ አለቀ።

በዘጠነኛው ቀን ሊቁ በከንቱ መቀመጡ አሳፈረው። ድሮ ቃሉን ሲጽፍ የሰሌዳው ስብራት ምን እንደሚመስል ከጎኑ ሥሎት እንደነበር ትዝ አለው። ሥዕሉ ሴቶቹን ሊረዳቸው ይችላል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሣጥኑን ከፈተ፣ አሮጌውን መጽሐፍ አወጣና ገጹን ፈለገ። ሥዕሉን አገኘው። አጠገቡ ያለው ቦታ ግን ባዶ መሰለው። ግራ ገባውና መጽሐፉን ወደ መስኮት አስጠግቶ አዘነበለው። ያኔ አየው። «ሰው የማይደርስበት የተከለከለ ስፍራ» ይላል፤ ቀለሙ ከመቅጠኑ የተነሣ ከብራናው አይለይም። በመጽሐፉ ሁሉ ከዚህ የቀጠነ አልነበረም።

ሊቁ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ነደደ። ዕድሜውን ሙሉ የተጠነቀቀለትን ነገር በአንዲት ቀን፣ በንጉሥ ፊት፣ በሰው ቤት ላይ ጥሶታል። የገዛ ግምቱ ዞሮ መጥቶ ማስረጃ ሆኖ ቀርቦለታል፤ እሱም ተቀብሎታል።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ቁም ጸሐፊው ነበር። ሁለቱን መጽሐፎች ጎን ለጎን ዘረጋለት።

«ይህን ለምን አደመቅከው፣ ልጄ?»

ቁም ጸሐፊው አሮጌውን አየ፣ አዲሱን አየ። «ጣሪያው አፍስሶ ያደበዘዘው መስሎኝ ነበር፣ መምህር። ድካምዎ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

«እንደዚያ አቅጥኜ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለማላውቀው ነው።»

ቁም ጸሐፊው የተገለበጠውን መጽሐፍ ውፍረት በዓይኑ ለካ። ስንት ቃል በዚያ መንገድ እንዳደመቀ ሲያስበው ገጾቹን አንድ በአንድ መግለጥ ጀመረ። ሊቁ ትከሻውን ያዘው። «ጥፋቱ ካንተ ይልቅ የእኔ ነው፣» አለው። «የቀለሙን ልማድ ለማንም አልነገርኩም። አንተ ከፍቅር ነው የሠራኸው።»

ከዚያ ወደ ንጉሡ ለመሄድ ተነሣ። ልብ በሉ፣ በዚያ ሰዓት የጠፋው ግማሽ አልተገኘም። ሊቁ ለንጉሡ የሚያቀርበው አዲስ ትርጉም አልነበረውም። ሴቶቹ አንድ ነገር እስኪያገኙ ድረስ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ምናልባት በሚያገኙት ነገር ስሕተቱን በክብር ያርም ነበር። ካላገኙ ግን አርባ ቤት ይፈርሳል። ይህን አስቦ በዚያው ቀን በንጉሡ ፊት ቆመ።

«ንጉሥ ሆይ፣ የሰጠሁዎት ቃል ትክክል አልነበረም። ታርዙሻ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም።»

መኳንንቱ ተንሾካሾኩ። የንጉሡ ፊት ጠቆረ። «ያን ዕለት እርግጠኛ ነበሩ።»

«ነበርኩ። የራሴን ግምት በሌላ ሰው እጅ በደማቁ ተጽፎ ሳገኘው እውቀት መሰለኝ።»

«እንግዲያው የተከለከለ ስፍራ አይደለም ማለት ነው?»

«እሱንም አላውቅም። ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ከቻለማ የአባቶችን ትእዛዝ እያፈረስን ነው።»

«ላይሆን ከቻለ ደግሞ የሰው ቤት እያፈረስን ነው፣» አለ ሊቁ። አሮጌውን መጽሐፍ ገልጦ ለንጉሡ አቀረበለት። «እባክዎ ያንብቡት።»

ንጉሡ መጽሐፉን ተቀበለ። አቀረበው፣ አራቀው፣ ከዙፋኑ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። «ምንም አይታየኝም፣» አለ።

«እኔም ያኔ የታየኝ ይህን ያህል ነበር።»

ንጉሡ መጽሐፉን ዘጋው። ሲመለስ ትእዛዙ እንዲቆይ ተናገረ። እስከ መቼ እንደሚቆይ ከመኳንንቱ አንዱ ሲጠይቀው «እስክናውቅ ድረስ» አለው። ወደ ሊቁም ዞሮ «ከእንግዲህ ስለ ሉዊኛ አንድ ነገር ሲነግሩኝ ሁለት ጊዜ እጠይቅዎታለሁ» አለ። መኳንንቱ ፈገግ አሉ። ሊቁ በሸመገለ ዕድሜው በአደባባይ እንዲህ መባሉ አመመው። ቢሆንም ከቤተ መንግሥት ሲወጣ እግሩ ቀለለው፤ ወደ ቤቱ ሳይሄድ ቀጥታ ወደ ሴቶቹ ሄዶ ትእዛዙ መቆየቱን ነገራቸው። እነሱም እልል አሉና ወደ እንቅባቸው ተመለሱ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ አርባ አንደኛው እንቅብ ላይ፣ ሸክላ ሠሪዋ «አባቴ፣ ይህን ይያዙልኝ» አለች። ጨርቋ ላይ ሃያ አምስት ትንንሽ ገሎች ነበሩ። ለየብቻቸው አንዳቸውም አይነበብም። ሃያ አራቱን እርስ በርስ ገጥማ ነበር፤ የመጨረሻዋ መካከላቸው ገባች። አንድ ላይ አድርጋ ሊቁ ከያዘው ግማሽ ሰሌዳ ጋር ስታጋጥማቸው በመጋጠሚያው ጥፍር እንኳ አይገባም። የጠቆረው ጎን በጠቆረው፣ የቀላው በቀላው ላይ ገጠመ።

«እንግዲህ ተራው የእርስዎ ነው፣» አለችው።

ሊቁ ሰሌዳውን ወደ በሩ ብርሃን ይዞ ወጣ። በሉዊኛ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ትርጉሙ እንዲህ ነው። «ከቀዩ ኮረብታ ሥር፣ ከምንጩ ዳር፣ ታርዙሻ ይሁን። ሰው ሁሉ ይምጣ። ዳቦ፣ ዘይት፣ ማርና ታርዙሻ ይያዝ። ከጎረቤቱ ጋር ይብላ።»

ደግሞ አነበበው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነበው ሳቅ አሸነፈውና ምርኩዙ ላይ ተደገፈ። ሴቶቹ ምን እንደሚል ጠየቁት፣ ነገራቸው። ሁሉም ሳቁ። ሸክላ ሠሪዋ ብቻ አልሳቀችም። ቁጭ አለች፣ አፈር የጠገቡ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገችና አለቀሰች። ያን ያህል ቀን ስትለቅም ምን ያህል ፈርታ እንደነበር ያን ጊዜ አወቁ።

ዓይኗን ከጠረገች በኋላ «እና ታርዙሻ ምንድን ነው?» አለች።

«ከዳቦና ከማር ጋር ተይዞ የሚመጣ ነገር ነው። የሚበላ ይመስለኛል። የሚጠጣም ሊሆን ይችላል። ምን እንደሆነ አላውቅም። ምን እንዳልሆነ ግን ዛሬ አወቅሁ።»

ንጉሡ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። የአባቶች ሥርዓት ይመለስ ሲል የኖረ ሰው ነውና ይኸኛውም ሥርዓት እንዲመለስ አዘዘ። ሰው ሁሉ ወደ ምንጩ ዳር እንዲመጣ ቀን ተቆረጠ። ዳቦው፣ ዘይቱና ማሩ አላስቸገረም። ታርዙሻ ግን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ እያንዳንዱ ቤት ይህ ነው ብሎ የገመተውን ይዞ እንዲመጣ ተነገረ። አርባው የሸክላ ሠሪ ቤት አርባ ዓይነት ነገር አቀረበ። የተቀቀለ ባቄላ፣ በቅጠል የተጠቀለለ አይብ፣ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት፣ የደረቀ በለስ፣ እርጎ፣ ምኑ ቅጡ። ሁሉም የእሱ ታርዙሻ እውነተኛው እንደሆነ፣ አያቱም ሲሠሩት እንዳየ ይምላል። ሊቁ አንዱንም አላስቀየመም፤ ከሁሉም ቀመሰ።

ንጉሡ ዳቦውን ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ቆርሶ እየበላ «መምህር፣ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ስደርስ እርግጠኛ ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር። ደግነቱ ጠገብኩ።»

ንጉሡ ሳቀና እንዳለው ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀው። ሊቁም ሁለተኛ ጊዜ አላውቅም አለው።

ቁም ጸሐፊው መጽሐፉን እንደገና ሊገለብጥ ብራናውን አዘጋጀ። በዚህ ጊዜ ሊቁ አጠገቡ ተቀመጠ። ሸክላ ሠሪዋ ከዚያው ከምንጩ ዳር ጭቃ አንድ የቀለም ዕቃ ሠርታ ለቁም ጸሐፊው ሰጠችው። ዕቃው ሁለት ጉድጓድ አለው፣ አንዱ ለጥቁሩ ቀለም፣ አንዱ ለቀጠነው። በአዲሱ መጽሐፍ ላይ ታርዙሻ ሁለት መስመር አገኘ። በጥቁር «ከዳቦ፣ ከዘይትና ከማር ጋር ወደ ምንጩ የሚመጣ ነገር» ተባለ። ከሥሩ በቀጠነ ቀለም «ምናልባት የሚበላ» ተባለ። ቁም ጸሐፊው በመጀመሪያው ገጽ ላይም ለሚመጡት ሁሉ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በጥቁር የተጻፈውን እናውቃለን። በቀጠነው የተጻፈውን እንገምታለን። ከእኛ በኋላ የምትገለብጥ ሆይ፣ ብታዝንልንም አታድምቀው።»

ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ትምህርት ይህ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። ሊቁ በጥንቃቄ ገመተ፣ ቁም ጸሐፊው በፍቅር ገለበጠ፣ ንጉሡ በቅንነት አዘዘ፣ አርባ ቤት ግን ሊፈርስ ነበር። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ሰው «ይመስለኛል» ይላል። ሁለተኛው «አሉ» ይላል። ሦስተኛው «ነው» ይላል። ከዓመታት በኋላ ወሬው ወደ መጀመሪያው ሰው ዞሮ ሲመጣ እሱም «ድሮም ብዬ ነበር» ብሎ ይምልበታል። ጥርጣሬ የውርደት ምልክት መስሎን ከሰው ቃል ላይ እየፋቅን እናልፋለን። ግን ያ የቀጠነ ቀለም የእውነቱ አካል ነበር። እሱ ሲጠፋ የቀሩት ፊደሎች አንድ ሳይጎድሉ ሐሰት ይሆናሉ። ሊቁን የማከብረውም ቃሉ ሳይገኝ በፊት፣ ባዶ እጁን፣ አላውቅም ለማለት ወደ ንጉሡ ስለሄደ ነው።

እናንተስ? ስለ አንድ ጎረቤት፣ ስለ አንድ ዘመድ፣ በሩቅ ስለምታውቁት አንድ ሰው በጥቁር ጽፋችሁ የያዛችሁት ነገር አለ? መጀመሪያ ሲጻፍ ቀለሙ ምን ያህል ቀጭን እንደነበረ ታስታውሳላችሁ? ወደ መስኮት አስጠግታችሁ እዩት። የጎደለው ግማሽ ጠፍቷል የምትሉ ከሆነም፣ ፈልጋችሁት ነው የጠፋው?